መተንፈሻ ያለው ኮፍያ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ "ኮፍያ አልባሽ ነኝ" እላለሁ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን አልቀለድኩም። የምሠራበት የምርምር ተቋም የሰው አንጎል ሲሠራ በብርሃን ይከታተላል። ኮፍያችን ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ መብራቶች አሉ። ዓይን የማያየው ብርሃን በቆዳና በአጥንት አሳልፈው ወደ ውስጥ ይልካሉ፤ አጠገባቸው ያሉት ዳሳሾች ደግሞ ተመልሶ የመጣውን ይቀበላሉ። የሚሠራ አንጎል ደም ይጠራል፤ ደም ሲመጣ የሚመለሰው ብርሃን ይለወጣል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ከፍ ትላለች። ነገሩ ይኸው ነው። ዶክተራችን ይህንኑ በሁለት ሰዓት ያስረዳሉ፤ አድማጮቻቸው ያኔ ኮፍያውን ቢያደርጉ መስመሯ ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ።

የኔ ድርሻ የሰው ራስ ላይ ነው። ፀጉር ብርሃን ስለሚውጥ ከእያንዳንዱ መብራት ሥር ፀጉር ስከፍል እውላለሁ። ከዚያ የውጭ ብርሃን ሾልኮ እንዳይገባ ከላይ ጥቁር መሸፈኛ አጠልቃለሁ። ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ሲመጣ ፊቴ ይጠቁራል። መላጣ ሲመጣ ሻይ እናቀርባለን፤ ሲሄድም በር ድረስ እንሸኛለን። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀለድበት የኖረ ሰው እኛ ዘንድ ሲከበር ግራ ይገባዋል።

አባቴ መላጣ ነው። ከነመላጣው አርባ ዓመት ኮፍያ ሲሰፋ ኖሯል። "የሰው ራስ ሲሸፍን የራሱ ተገለጠ" እያለች እናቴ ትስቅበት ነበር። እናቴ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ከዚያ ወዲህ አባባ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገድ ያያል። የሰጡትን ይበላል፣ መድኃኒቱን ይውጣል፣ "አዎ" ይላል፣ "አይ" ይላል። የስፌት መኪናው ጨርቅ ተጥሎበት ጥግ ይዟል። አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ።

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነው። ሳሎን ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀምጠን እንኳ ከኋላ የተሰለፉት እንዲሰሙት አድርጎ ነው የሚናገረው። አንድ ቀን አባባ ከኛ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ቁጭ ባለበት ወሬ ጀመረ።

"አባባ የለም" አለኝ። "ሄዷል። ወንበሩ ላይ ያለው ልብሱ ነው።"

"ልብሱ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ" አልኩት።

"ቀልዱን ተይው። አንቺ ሥራ ትውያለሽ። ብቻውን ሆኖ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይደርስለታል?"

የአረጋውያን ማረፊያ ቤት አግኝቷል። ነርስ አለው፣ አትክልት አለው፣ ንጹሕ ነው አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው፣ ንጹሕ ነው። ክፍት የሆነው አልጋ ግን መስኮቱ የሚያየው የልብስ ማጠቢያውን ግድግዳ ነው።

"እዚያ ሆኖ ምን ያያል?" አልኩት ስመለስ።

"እዚህስ ሆኖ ምን ያያል?" አለኝ።

ተናደድኩ። በሱ አልነበረም የተናደድኩት፤ ልክ ይሆን ይሆናል ብዬ ስለፈራሁ ነው። አልጋውን እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ያቆዩልናል አለና ሄደ።

በዚያው ሳምንት ዶክተራችን ሰብስበውን ቤት የሚወሰድ አዲስ ኮፍያ መጣ አሉን። ባትሪው ወገብ ላይ ይታጠቃል፣ መስመሯ ታብሌት ላይ ትታያለች። አረጋውያን በየቤታቸው እንደወትሯቸው ሲውሉ እንዲለካ ታስቦ ነው። "ፈቃደኛ የሚሆን አረጋዊ የምታውቁ፣ በተለይ ፀጉር የሌለው…" ብለው ሳይጨርሱ እጄን አወጣሁ። ለሳይንስ ብዬ አይደለም። ለጋሼ አንዲት መስመር ላሳየው ፈልጌ ነው። አባባን ስጠይቀው "አዎ" አለ።

ያስቸገረን መሸፈኛው ነበር። ተቋማችን የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ተማሪዎችን ስለሆነ መሸፈኛው ለትንሽ ራስ የተሠራ ነው፤ ከአባባ ራስ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። ሦስተኛ ጊዜ ሲወጣ አባባ ከእጄ ወሰደው፣ ገለበጠው፣ በጣቶቹ ዙሪያውን ዳበሰው።

"ይሄ ሃምሳ አራት ሳንቲሜትር ነው" አለ። "እኔ ስልሳ አንድ ነኝ።"

እናቴ ካረፈች ወዲህ ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። "እንግዲያው አንተው ስፋልኝ" አልኩት። "ጥቁር ይሁን፣ እስከ ጆሮህ ይሸፍን።" ለምን ጥቁር እንደሚሆን አላስረዳሁትም። የሚሰማኝ አልመሰለኝም። ከሰዓት በኋላ ጓዳ ሆኜ የስፌት መኪናው ሲንቀሳቀስ ስሰማ የያዝኩትን ሳህን ማስቀመጥ ረስቼ ቆምኩ። የሰጠኝ መሸፈኛ ድርብ ነው፣ ገበር አለው፣ ጠርዙ በእጅ ተሰፍቷል። ተቋማችን እንደዚያ ያለ መሸፈኛ አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ኮፍያውን አለበስኩት፣ መሸፈኛውን ከላይ አጠለቅኩለት። አባባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መስመሯ መጀመሪያ ጋደም ብላ ነበር። ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ፎቅ ጀርባ ብቅ ስትል ግን ማንም ሳይነካት መውጣት ጀመረች። ወጣች፣ ወጣች፣ ላይ ደርሳ እዚያው ቆየች። ያን ያህል የወጣች መስመር በሥራዬ ዘመን አላየሁም፤ ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ እንኳ ግማሿን አያወጣም። አባባ ፊቱ ላይ ምንም የለም። መንገዱን ያያል።

ስልኬን አነሳሁ። "ጋሼ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አባባ እያሰበ ነው!"

ቅዳሜ ጠዋት ከነሚስቱ መጣ። መነጽሩን አድርጎ ታብሌቱ ላይ አፈጠጠ። መስመሯ ስትወጣ እሱም አንገቱን አብሮ ያወጣል። መሃል ላይ ክፍሉ ለአፍታ ጨለም ብሎ እንደገና በራ፤ መስመሯም ወረድ ብላ ተመለሰች።

"አሁን ምን ሆነ?" አለኝ።

"እንጃ።"

"የሚያሳዝን ነገር ትዝ ብሎት ነው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጋሼ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ራሱም ካልተለካሁ አለ። የጋሼ ፀጉር የቤተሰባችን ኩራት ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሽበት ብቅ ባለ ቁጥር በቀለም ይመለሳል። ከፈልኩ፣ ገፋሁ፣ አስተካከልኩ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ታብሌቱ በቀይ ፊደል "ምልክት የለም" አለ።

"ይህን ለማወቅ እኔ መሣሪያ አላስፈለገኝም" አለች ሚስቱ።

ጋሼ አልሳቀም። ኮፍያውን ለአባባ መልሼ ሳደርግለት ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና፣ እንደ ተማሪ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "አባባ፣ ስለ ምንድን ነው የምታስበው?" አለው።

አባባ ወዲህ ወዲያ ተነቃነቀ። "ወንበሩ" አለ።

"ወንበሩ ምን ሆነ?"

"ያነክሳል።"

ጋሼ እጄን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። "ሰማሽ? የርእሰ መምህሩን ወንበር ማለቱ ነው። ለቦታው መወዳደሬን እኮ ለማንም አልተናገርኩም!" ዓይኑ ፈጦ ነበር። እኔ ተመልሼ አባባን አስነሳሁና ወንበሩን ገለበጥኩት። አንዱ እግሩ አጥሯል። ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አደረግኩለት። ጋሼ ግን ሰኞ ዕለት ከውድድሩ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መስመሯ ሳትወርድ ልድረስ እያለ፣ ቁርሱን ሳይበላ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ እንዳኮረፈው ለአባባ ነገረው። ከውድድሩ ቢወጣም ሰውየው ፊት ነስቶታል።

"ራሱ እንዴት ነው?" አለው አባባ።

"ማለት?"

"ራሱ። ትልቅ ነው?"

"በጣም ትልቅ ነው።"

"ትልቅ ራስ ያለው ሰው ልኩን ኮፍያ አግኝቶ አያውቅም" አለ አባባ። "ዕድሜውን ሙሉ እንደጠበበው ነው። ሰው ሁሉ ሊያጠብበት የመጣ ይመስለዋል። አስፋለት።"

ጋሼ ይህን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። በትምህርት ቤቱ በዓል የመክፈቻውን ንግግር ራሱ እንደሚያደርግ ተወስኖ ነበር፤ ለርእሰ መምህሩ ለቀቀለት። ሰውየው አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረና ከመድረክ ወርዶ ጋሼን አቀፈው። ጋሼ ለአባባ ሲነግረው አባባ በአፍንጫው ትንሽ ተነፈሰ። ሣቅ ነበረች። ቃሉም ቀስ በቀስ በዛ። አንድ ማለዳ "ይሄ ሻይ ስኳር የለውም፣ ስንት ጊዜ ልታገሥሽ?" ብሎ ተቆጣኝ። ስኳር ላመጣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የወሩ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ጋሼ ደወለ። "ቅዳሜ የአልጋው ቀነ ገደብ ነው። መስመሯን አንድ ጊዜ ልይና እዚያው ሆኜ እደውልላቸዋለሁ፣ እንተወዋለን" አለኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። የተቀዳውን ሁሉ ይዤ ወደ ዶክተራችን ገባሁ። ለማሳየት ብቻ አይደለም፤ ለመኩራትም ነው።

ዶክተራችን የመጀመሪያውን ጠዋት አዩ። ሁለተኛውን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"የጨለማውን ንባብ አይተሽዋል?" አሉኝ።

መሣሪያው በየመሃሉ የራሱን መብራቶች ለቅጽበት አጥፍቶ ይለካል። ያኔ ዳሳሹ ምንም ማየት የለበትም፤ ካየ ከውጭ የገባ ብርሃን አለ ማለት ነው። የማላውቀው ሰው ራስ ላይ ኮፍያ ባደረግሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ሌላው ሲረሳ የምጮኸውም እኔ ነኝ። የአባቴን ግን አልከፈትኩትም። መስመሯ ወጥታልኝ ሌላ ምን ልፈልግ?

ከፈቱት። ፀሐይዋ ከነመውጫዋ፣ ከነደመናዋ እዚያው ተቀምጣለች።

"አባትሽ አስበው አይደለም" አሉ ዶክተራችን። "ነግቶ ነው።"

"መሸፈኛው ድርብ ነው! ገበር አለው!"

"እስቲ አምጪው።"

ከቦርሳዬ አወጣሁት። ጠረጴዛቸው ላይ ካለው መብራት ፊት ዘርግተው ያዙት። በስፌቱ ግራና ቀኝ፣ ከእጥፋቱ ሥር፣ የአተር ፍሬ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ዙሪያቸው በጥቁር ክር እንዲህ ነው በማይባል ጥንቃቄ ተጠልፏል። ከውጭ አይታዩም፤ ብርሃኑ ግን በነሱ እየገባ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"መተንፈሻ" አልኩ። ሳየው ነው የገባኝ። አባቴ መተንፈሻ የሌለው ኮፍያ ሰፍቶ አያውቅም። ራስ የማያስተነፍስ ኮፍያ ከረጢት ነው ይላል። እኔ ጥቁር ይሁን አልኩት እንጂ ብርሃን አያስገባ መቼ አልኩት?

ዶክተራችን አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ይህ ሁሉ ይሰረዛል። ቀዳዳውን ደፍነሽ እንደገና ጀምሪ" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቤት እስክደርስ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ማንም ካልነገረው ጋሼ አያውቅም። ቅዳሜ መሸፈኛውን እንዳለ ባጠልቀው ፀሐይ ትወጣለች፣ መስመሯ ትወጣለች፣ አልጋው ይቀራል፣ አለቀ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን መሸፈኛውን ሳነሳ እጄ እሺ አላለኝም። ሰው አባቱን ሊያድን ቢዋሽ የሚፈርድበት ያለ አይመስለኝም። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው፤ አባባ ራሱን ዘንበል አድርጎ እስካለብሰው ይጠብቀኝ ነበር። ጥቁር ፕላስተር አመጣሁና ቀዳዳዎቹን መድፈን ጀመርኩ።

"ለምንድን ነው የምትደፍኛቸው?" አለ አባባ።

"ብርሃን ያስገባሉ። ብርሃን መግባት የለበትም።"

"አልነገርሽኝም።"

"አልነገርኩህም" አልኩ።

ጋሼ መጣ፣ ወንበሩን ሳበ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ታብሌቱን ማየት ጀመረ። ፀሐይ ከፎቁ ጀርባ ወጣች። ክፍሉ በራ። የአባባ ጉልበት ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የጋሼ ጫማ ላይ ብርሃን አረፈ። መስመሯ ጋደም እንዳለች ቀረች። ትንሽ ትነሳለች፣ ትንሽ ትወርዳለች፤ የማንኛችንም መስመር እንዲያ ናት።

"ዛሬ ምን ነካው?" አለ ጋሼ። "አሞታል?"

ነገርኩት። ቀዳዳዎቹንም አሳየሁት፣ የጨለማውንም ንባብ አሳየሁት፣ የደመናዋንም ነገር ነገርኩት። ጋሼ መጀመሪያ መሸፈኛውን አየ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ መስኮቱን። ኩም አለ።

"ስለዚህ ያን ሁሉ ቅዳሜ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኔ ከፀሐይ ጋር ነው የተማከርኩት?"

ጋሼ ስልኩን አነሳና የማረፊያ ቤቱን ቁጥር ደወለ። ጥሪው ከወዲያ ማዶ ሲያቃጭል ይሰማኛል። ማንንም ሊጎዳ አልነበረም፤ ያፈረ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

"የመለሰችልህ ፀሐይ ናት?" አለ አባባ።

ጋሼ ስልኩን ከጆሮው አራቀ።

"ስለ አለቃህ ራስ የነገርኩህ እኔ ነኝ" አለ አባባ። "ወንበሩ ያነክሳል ያልኩህም እኔ ነኝ። ያነክስ ስለነበረ ነው።"

"አባባ…" አለ ጋሼ። የመድረክ ድምፁ ጠፍቶ የልጅነቱ ድምፅ ነው የወጣው። "ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልከን?"

"መቼ ዝም አልኩ? በላህ አላችሁኝ፣ አዎ አልኩ። በረደህ አላችሁኝ፣ አይ አልኩ። መድኃኒትህን ዋጥክ አላችሁኝ፣ አዎ አልኩ። ከእናታችሁ ወዲህ ሌላ ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል። ጋሼ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ። "ስለ አልጋው ነበር የደወልኩት" አላት። "ለሌላ ሰው ስጡት።" ከዚያ ተነስቶ ጓዳ ገባና የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ሲያጥብ ቆየ። ሲሄድ የአባባን መላጣ ሳመው። አባባ "ፀጉርህን ቀለም አታብዛበት" አለው።

ጋሼ ከሄደ በኋላ ኮፍያውን አወለቅኩለት፣ ባትሪውን ከወገቡ ፈታሁ፣ ሁሉንም ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። አባባ ወደ መስኮቱ ዞረ። ዓመት ከመንፈቅ አብሬው ኖሬያለሁ። ራሱ ላይ መብራት ተክያለሁ፣ ደሙን ለክቻለሁ፣ ለወንድሜም ለዶክተሬም አሳይቻለሁ። ጋሼ እንኳ በተሳሳተ መስመር ተመርቶም ቢሆን ጠይቆታል። እኔ ግን አንድ ቀንም አልጠየቅኩትም።

"አባባ" አልኩት። "በዚህ መስኮት ምንድን ነው የምታየው?"

"ራስ" አለ።

"የማን ራስ?"

"የሚያልፈውን ሁሉ። እለካለሁ።" በአገጩ ወደ መንገዱ ጠቆመኝ። "ያ ቦርሳ የያዘው ስልሳ ነው። ያቺ ሃምሳ ሰባት፤ ፀጉሯ ያሳስታል።"

"እኔስ?"

"ሃምሳ ስድስት። ከአሥራ አምስት ዓመትሽ ጀምሮ።"

"ለምንድን ነው የምትለካው?"

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም።

"እናትሽ ሃምሳ ሁለት ተኩል ነበረች" አለ። "ለትልቅ ሰው ትንሽ ነው። አርባ ዓመት ስሰፋ ሌላ አልገጠመኝም። እሷ እንደማትመጣ አውቃለሁ፣ አላበድኩም። የሷን ራስ የሚያህል ራስ ያለው ሰው ግን አንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ካለፈ ልየው ብዬ ነው።"

ሌላውን ወንበር ሳብኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ባለ ዘንቢል፣ ባለ ጃንጥላ፣ ልጅ ያዘለች፣ ስልክ የሚያወራ ያልፋል። ከዳቦ ቤቱ በር ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ብቅ ብላ ወዲህ ወዲያ አየች።

"ያቺስ?" አልኩት።

አባባ ዓይኑን አጥብቦ እስክትሻገር ድረስ ተከተላት።

"ሃምሳ ሦስት" አለ። "ተቃርበሽ ነበር።"